ሐረጎና ጨፋ

ግማሽ ሰዓት ያህል፣ በጨለማ ቆየን፣
እኔና ጋሽ ኑርዬ፣ ሳንተያይ ተያየን።
መስኮቱ ተደፍኗል፣ በጥቁር አቡጀዴ፣
የጦሳ ጭጋግ እንኳ፣ አይገባም በዘዴ።

"ዓይንህ ይረፍ" አልሁት፣ "ብርሃን የጠገበ
ዓይን አይናገርም፣ ጥቂት ካልተራበ።"
ሳቀ። "የእኔስ ተርቦ፣ ሰባት ዓመት ሆነው፤
ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ቀኔ የሚከደነው።
በኤፍኤስአር ጤፍ ጭኜ፣ ሐረጎን ስወርደው፣
መሐሉን ነው የማየው፣ ዳሩን ምን ወሰደው?
ገደሉ የት እንዳለ፣ በጆሮ ነው የማውቀው፣
የሞተሬን ጩኸት፣
ድንጋይ ሲመልሰው፣ ባዶው ሲውጠው።"

ዝም አለ።
ከታች ጀኔሬተር፣ ማጓራት ጀመረ፤
በሸዋ በር በኩል፣ መብራት ጠፍቶ ነበረ።

ከዓይን ጀርባ ያለች፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ
የሳሳች መጋረጃ፣
የራሷ መብራት ኃይል አላት፣
ቆጣሪ የሌላት፣ ፈረቃ የማታውቅ።
አንድ ቮልት ሚሊዮን ቦታ ተሸንሽኖ፣
ከዚያ መቶው፣ ሁለት መቶው፤
ይኸው ነው እንግዲህ፣ ሰው "አየሁ" የሚለው።

ከሽፋሽፍቱ ሥር፣ የብር ክር አኖርሁ፣
ግንባሩን በአልኮል ጠርጌ፣ ሽቦውን አሰርሁ።
"አብሽር፣ አይቆረቁርም።"
"አብሽሪ አንቺ" አለኝ፣
የእጄን መንቀጥቀጥ፣ በጨለማ አውቆብኝ።

ብልጭ።
ብልጭ።
ደግሜ፣ ብልጭ።

የደህና ሰው መስመር፣ መጀመሪያ ይሰምጣል፣
ከዚያ ጦሳን እንደያዘ ሰው፣
እያለከለከ ይወጣል።
የጋሽ ኑርዬ ግን
ተኛ።

"ምን ይላል?" አለኝ።
ሌላ ቀን ቢሆን፣ "ሐኪሙ ይነግርሃል" ብዬ አልፍ ነበር፤
አፌ እምቢ አለኝ። ስክሪኑን አዞርሁለት።
"የደህናውስ የታል?"
እሱንም አሳየሁት።
በወፍራም ጣቱ፣ መስመሩን ተከትሎ፣
"ይኸማ ሐረጎ ነው!" አለ፣ "ቁልቁል ተንከባሎ
ሽቅብ የሚነሳው። የእኔ ጨፋ ሆነ፣
ለጥ ያለ ሜዳ..."
ቆም አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።
"ለሹፌር እኮ ሜዳ፣ ዕረፍት ነበር ድሮ።"

ወዲያው ኮሪደር ወጥቶ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ፣
ልጁን ሉባባን ይዞ፣ ወደ እኔ ተመለሰ።
አሥራ አራት ዓመቷ ነው።
"እሷንም ለኪልኝ። ሰሞኑን ሲመሽ፣
ጀሪካኑም በርጩማውም፣ ይመታት ጀመር።"

እንደገና ጨለማ፤ አሁን ሦስት ሆነን።
ልጅቱ ስለ ኬሚስትሪ ፈተናዋ አወራች፣
ስለ አንድ የማትወደው መምህር፣
ሆጤ ሜዳ ላይ ስለ ጠፋ ጫማዋ።
እሱ አንድ ቃል አልወጣውም፤
የመቁጠሪያው ኮሽታ ብቻ፣
ከጣት ወደ ጣት ሲያልፍ ይሰማኛል።

ብልጭ።

"ወረደ?"
"ወረደ።"
"ወጣስ?"

መልስ ሳልሰጠው ደገምሁ፣ አንዴም አይደል፣ ሁለቴ፤
ክሩ ሸሽቶ እንደሆን ብዬ፣ አቃናሁት በጣቴ።

"ወጣ" አልሁት።
ጦሳን አያህልም፤
ያንን ለሐኪሙ፣ በወረቀት ጻፍሁ።

ኅዳር ላይ፣ ከደሴ በምሽት ስወርድ፣
ሚኒባሱ ጋቢና፣ እሱን አየሁት።
ጆሮውን በመስኮት፣ ለገደሉ ሰጥቶ፣
ኩርባውን ይቆጥራል፣ አንዱንም ሳይስቶ፤
"ሁለተኛ አስገባ... አሁን ግራህን ጠብቅ..."
ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፤ ተናደደ፣ ኋላ ግን ታዘዘ።
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ሁለት ደህና ዓይን ይዤ፣
የፊት መብራቱ የፈቀደልኝን
ያችን ብቻ አያለሁ።

ኮምቦልቻ ስንገባ፣ ወገቡን አሳረፈ።
"ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው" አለ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ።